ማሽኑ ለምን ቆመ

ሱልጣና አብደላ ጉርድ ሾላ ወደነበረው የመንግሥት መጋዘን ስትመጣ በእጇ የያዘችው መጥረጊያ ነበር። አባቷ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ሚሌ አካባቢ ተገልብጦ ሲሞት እሷ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ለመጨረስ ጥቂት ነበር የቀራት። እናቷ እማማ ረሂማ የስኳር በሽተኛ ስለሆኑ፣ ሲግናል ሰፈር ያለችውን የቀበሌ ቤት ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሌላ ሰው አልነበረም። ትምህርቷን አቋርጣ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠረች። እኔ በዚያው መጋዘን የተቀደደ ጆንያ እሰፋ ስለነበር ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ አውቃታለሁ። ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳ የምታስር፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ነበረች።

መጋዘኑ አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት የአንድ ነጋዴ ነበር። ከተወረሰ በኋላ እህልና ጨው ይከማችበት ጀመር። ሁለት ፎርክሊፍቶች ነበሩት። ፎርክሊፍት ማለት ከፊቷ ሁለት ረጃጅም የብረት ጣቶች ያሏት፣ በእንጨት መደብ ላይ የተደረደረ ጆንያ ከነመደቡ ብድግ አድርጋ የምትከምር፣ ወይም መኪና ላይ የምትጭን ትንሽ ማሽን ናት። አንደኛዋ ሻል ያለች ነበረች። ሌላዋ ግን በነጋዴው ዘመን የተገዛች፣ ጭስ የምትተፋ፣ ፍሬኗም እንደ ቀኑ ሁኔታ የሚይዝና የማይይዝ አሮጌ ናት። አሮጌዋን የሚነዱት ጋሽ ኢታና ነበሩ።

ጋሽ ኢታና ከወለጋ በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን እዚያ መጋዘን ውስጥ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም። ጴንጤ እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸው ግን አያወሩትም። የሚሄዱበት ጸሎት ቤት በር ከታሸገ ቆይቷል። በየሰው ቤት እየተሰበሰቡ በለሆሳስ እንደሚጸልዩ ይወራ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ የሺሃረግ በምሳ ሰዓት ምሳ ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይገቡም።

በ1975 ሻል ያለችውን ማሽን ይነዳ የነበረው ልጅ ወደ ጦር ሜዳ ተወሰደ። በዚያው ሰሞን ከሴቶች ማኅበር የመጡ ሰዎች፣ ሴቶች በወንዶች የሥራ መስክ እንዲሰማሩ ሥራ አስኪያጁን ጠየቁት። ሥራ አስኪያጁ ገብረ ክርስቶስ ይባላል፤ ለማንም እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። ማንን እንደሚያሠራ ግራ ገብቶት ሲያማክራቸው ጋሽ ኢታና ወደ ሱልጣና አመለከቱ። ልጅቷ ስትጠርግ መጥረጊያዋን አቁማ የሳቸውን እጅ እንደምታይ ልብ ብለው ነበር። ወንዶቹ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ፣ ታዲያ እርስዎ ሻል ያለችውን ወስደው አሮጌዋን ለልጅቷ ቢተውላት ይሻላል አለ። ጋሽ ኢታና አልተስማሙም። ጀማሪ ሰው ፍሬን የሌላት ማሽን ላይ ከተቀመጠ ወይ ራሱን ወይ ሰው ይገድላል፣ የአሮጌዋን ጠባይ የማውቀው እኔ ነኝ ብለው እዚያው አሮጌያቸው ላይ ቀሩ።

በምሳ ሰዓት ሁላችን ጥላ ፍለጋ ስንሄድ እሳቸው በባዶ በርሜል ያለማምዷት ነበር። «ሸክም ስታነሺ መጀመሪያ መሬቱን እዪ፤ ጆንያው የትም አይሄድብሽም» ይሏት ነበር። ሲያርሟት ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ወራት ሳይቆይ ሱልጣና በኋላ ማርሽ ጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ስትገባ ከግድግዳው ጋር የማትነካካ ሆነች። ሳቂዎቹም ዝም አሉ። እማማ ረሂማ መጀመሪያ ሰው ምን ይለናል ብለው አልቅሰው ነበር። በኋላ ግን ለጎረቤት «የአባቷ እጅ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከዚያ 1977 መጣ።

ድርቁ ወሎንና ትግራይን ሲያራቁት፣ ከአሰብ የሚመጣው የእርዳታ ስንዴ ከፊሉ እኛ ዘንድ ይራገፍ ጀመር። የሚያራግፉት መኪናዎች በአንድ በኩል፣ ወደ ሰሜን የሚጭኑት በሌላ በኩል ተሰልፈው ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር። ሹፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ብርድ ልብስ አንጥፈው ያድራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ኮረም ላይ ያየውን ሲነግረን፣ የሚሰፋ ጆንያ ጭናችን ላይ እንዳለ እጃችን ቆመ። ከዚያ በኋላ መኪና ቆሞ ማየት ለማናችንም አልተቻለንም።

ዋናው መሥሪያ ቤት ጥሩብርሃን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ላከ። ከምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የተመለሰ ነው፤ መነጽር ያደርጋል፣ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ ነው። ቢሮ ውስጥ አልተቀመጠም። ሰዓቱን እያየ ከፎርክሊፍቶቹ ኋላ ኋላ ሲሄድ ይውላል። ሠራተኞቹ ሰላይ መሰላቸውና ይሸሹት ነበር። ጋሽ ኢታና ግን አንድ ቀን ጠርተው ምን እንደሚለካ ጠየቁት፤ እሱም ሁላችን በተሰበሰብንበት አስረዳን። ማሽን በሦስት ነገር ይለካል አለ። ሥራ ሲኖር ለሥራ ዝግጁ ሆና ተገኝታለች ወይ? በሠራችበት ሰዓት የሚገባትን ያህል አንስታለች ወይ? ያነሳችውስ ሳይቀደድና ሳይፈስ ደርሷል ወይ?

«ከሦስቱ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው» አለ። «ማሽኑ ሲቆም፣ ለምን ቆመ ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ካልተጻፈ መለኪያው ከንቱ ነው።»

እውነትም ለጥቂት ሳምንታት ነገሩ ተአምር መሰለ። ፎርክሊፍቶቹ ከቀኑ ብዙውን የሚያጠፉት በማንሳት ሳይሆን እስከ መጋዘኑ ጓዳ ድረስ በመመላለስ መሆኑ ታወቀ። ወዲያው የሚወጣው ስንዴ በሩ አጠገብ እንዲከመር፣ የማይነካው ጨው ወደ ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። የመውጫ ወረቀቱም መኪናው እየተጫነ ይዘጋጅ ጀመር፤ ቀድሞ የሚጻፈው ተጭኖ ካበቃ በኋላ ነበር። ሰልፉ አጠረ። ሹፌሮቹ በመጡበት ቀን መመለስ ቻሉ። ሱልጣና ያን ጊዜ ስትስቅ አየኋት፤ ከማሽኗ ላይ ሆና ለሚወጡት መኪናዎች እጇን ታውለበልብ ነበር።

ለምን ቆመ የሚለው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ያመራ ነበር። መለዋወጫ የለም። መለዋወጫው የሌለው የጠየቀ ስለሌለ፣ ወይም ተጠይቆ የመለሰ ስለሌለ ነው። ጥሩብርሃን ይህንን እየጻፈ ለበላይ ማቅረብ ሲጀምር ገብረ ክርስቶስ እንቅልፍ አጣ።

በመጋዘኑ የፓርቲው ተጠሪ ዘነበ የሚባል ሰው ነበር። ቀድሞ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር፤ ሥራውን ያውቀዋል፣ ሰውንም ያውቃል። በልኬቱ ከማንም በላይ የተደሰተ እሱ ነው። መግቢያው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አሰቀለና፣ የሶሻሊስት የሥራ ውድድር እንዲሆን፣ ቁጥሩ በማሽኑ ሳይሆን በሹፌሩ ስም እንዲጻፍ አስወሰነ። ሰሌዳው ለምን ቆመ የሚል ቦታ አልነበረውም። ጥሩብርሃን ተከራከረ፤ ሰበብ መደርደሪያ አንከፍትም ተባለ። ገብረ ክርስቶስም ፈጥኖ ደገፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ የሱልጣና ስም ከላይ፣ የጋሽ ኢታና ከታች ይጻፍ ጀመር።

በዚያው ሰሞን የሱልጣና ማሽን ብረቶቹን የሚያነሳው የዘይት ፓምፕ ተበላሸ። በሩ ላይ ወደ ወሎ የሚጭኑ መኪናዎች ተደርድረዋል። መለዋወጫ እንደማይገኝ ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ኢታና ማሽኗን ዞረው አዩና የራሳቸውን ፓምፕ ለመፍታት ቁልፍ አነሱ። ሱልጣና ከለከለቻቸው። እሳቸው ግን የኔዋ ማሽን ፓምፗ ደህና ነው ሞተሯ ግን ደክሟል፣ ያንቺ ሞተሯ ደህና ነው ፓምፗ ሞቷል፣ ሁለት ግማሽ ማሽን ከሚኖረን አንድ ሙሉ ይኑረን አሏት። ገብረ ክርስቶስ እዚያው ቆሞ ነበር። ምን ይላሉ ብለው ሲጠይቁት፣ አድርጉት፣ ብቻ መኪናዎቹ ይውጡልኝ ብሎ ወደ ቢሮው ገባ። ከጆንያ ክምሩ ላይ ተቀምጠን የምንሰፋ ሴቶች ሁላችንም ሰምተናል።

ከዚያ በኋላ የሱልጣና ማሽን እንደ ነፋስ ሆነች። የጋሽ ኢታና ግን የተበላሸውን ፓምፕ ተሸክማ፣ ብረቶቿ ከፍ ብለው መልሰው እየሰመጡ፣ ጥቂት ጆንያ ይዛ ታዘግም ጀመር። ቀሪውን እሳቸው እየወረዱ በትከሻቸው ይጭኑት ነበር። በትከሻ የተጫነ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። መጋዘኑ በጠቅላላው የሚያወጣው እህል ጨመረ። የሳቸው ስም ያለበት ቁጥር ግን በየሳምንቱ እየቀነሰ ሄደ።

የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ሲጠራ ስንዴው ከተነሳበት ባዶ ቦታ ላይ ተቀመጥን። ዘነበ ከፊት ጠረጴዛ ነበረው፤ ገብረ ክርስቶስ ከጎኑ። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ዘነበ ሱልጣናን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ኮከብ ሠራተኛ ልትባል እንደሆነና፣ ስትጠየቅ በአብዮቱ ምክንያት ለዚህ በቃሁ ብትል እንደሚበቃ ነግሯት ነበር።

ዘነበ ጋሽ ኢታናን አስነሳቸው። «ጓድ ኢታና፣ ሰሌዳውን አይተሃል። ሕዝብ እያለቀ አንተ ጓድ ሱልጣና ከሠራችው ግማሹን እንኳ አልሠራህም። ምን ትላለህ?»

«ማሽኗ አርጅታለች» አሉ ጋሽ ኢታና። «የቻልኩትን ሠርቻለሁ።»

ዘነበ ስለ ማሽን አልጠየቅኩም አለ። ልቡ የት እንደሆነ፣ ማታ ማታ በየቤቱ ከማን ጋር እንደሚሰበሰብ፣ ረሃብ የእግዜር ቁጣ ነው ከሚሉት ወገን እንደሆነና እንዳልሆነ ጠየቃቸው። አንቱ ይባሉ የነበሩት ሰውዬ በልጃቸው ዕድሜ ባለ ሰው አንተ ሲባሉ አቀርቅረን ነበር። ያን ጊዜ ሱልጣና ተነሳች። ማንም አልጠራትም።

«የኔ ማሽን የምትሠራው በጋሽ ኢታና ፓምፕ ነው» አለች። «የኔው ሲበላሽ የራሳቸውን ፈትተው ሰጡኝ፤ የተበላሸውን እሳቸው ወሰዱ። መኪናዎቹ እንዳይቆሙ ብለው ነው። ሰሌዳው ላይ በስሜ ከተጻፈው እኩሌታው የሳቸው ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበና ወዲያው አቆመ። ዘነበ የሚናደድ መስሎኝ ነበር። አልተናደደም። እስክሪብቶውን አነሳና ረጋ ብሎ ጠየቃት።

«ጓድ ኢታና የመንግሥትን ማሽን ፈታትቶ ዕቃውን አወጣ ነው የምትይው?»

«ሥራ አስኪያጁ ቆመው ነበር» አለች። «ጠይቀዋቸው ፈቅደውላቸዋል።»

ሁሉም ወደ ገብረ ክርስቶስ ዞረ። ገብረ ክርስቶስ ፊቱ ያለውን ወረቀት ሲያስተካክል ቆየ። ስለተባለው ነገር የማውቀው የለም አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ ቢሆን ኖሮ ለበላይ አቅርቤ ፈቃድ አስጽፍ ነበር አለ። ሰምተናል የምንል ሴቶች ነበርን፤ ዘነበ ግን ሌላ የሚናገር አለ ወይ ብሎ አልጠየቀም፤ ከመካከላችንም ሳትጠየቅ የተነሳች አልነበረችም። ጋሽ ኢታና ገብረ ክርስቶስን አንድ ጊዜ አዩትና፣ ተቀመጥ ሳይባሉ ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ነበር፤ የሕዝብ ንብረት ሆን ብሎ ከአገልግሎት ውጪ ማድረግ። ማስረጃው የሱልጣና ቃል ሆነ። እትዬ የሺሃረግ የዚያን ቀን ምሳ ይዘው መጥተው በሩ ላይ ሲጠብቁ፣ ወጥቶ የሚነግራቸው ጠፍቶ ረጅም ጊዜ ቆሙ። በመጨረሻ የወጣችው ሱልጣና ናት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። እትዬ የሺሃረግ የምሳ ዕቃውን እንደያዙ ወደ መጡበት ሲመለሱ አይቻለሁ።

ሱልጣና ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም። ቤቷ ስሄድ እማማ ረሂማ እያጽናኗት አገኘኋቸው። እውነት ነው የተናገርሽው፣ አላህ አይቷል ይሏታል። እሷ ግድግዳውን እያየች «አላህ አየ፤ ዘነበም ሰማ» አለች።

ጥሩብርሃን ዝም አላለም። ፓምፑ በመቀያየሩ መጋዘኑ እንደተጠቀመ አስልቶ ጻፈ፤ ወረቀቱን ይዞ ፖሊስ ጣቢያም ዋናው መሥሪያ ቤትም ተመላለሰ። ያገኘው መልስ የዝውውር ደብዳቤ ነው፤ ከአዲስ አበባ ርቆ ወደሚገኝ ክፍለ ሀገር ተላከ። ሊሰናበተን ሲመጣ ጫማው እንደ ወትሮው አቧራ ነበር። ሱልጣናን ሲጨብጣት «እኔ የለካሁት ማሽን ነበር፤ ያሰሩት ሰው ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ወሬውን የሰማ የለም።

ሽልማቱ ግን አልቀረም። በሠራተኞች ቀን ሱልጣናን መድረክ ላይ አውጥተው የምስክር ወረቀትና አበባ የተሳለበት ቴርሞስ ሰጧት። አልቀበልም ለማለት አስባ ነበር፤ ነግራኛለች። እናቷ መርፌ የሚወጉት በደመወዟ ነው። ወጥታ ተቀበለች። በዚያው ሳምንት ቴርሞሱን ሻይ ሞልታ እስር ቤት ለጋሽ ኢታና ወሰደችላቸው። ወጥ ስትሠራላቸው ሥጋ አታስገባም፤ የእስላም ሥጋ ይበሉ ወይም አይበሉ አልጠየቀቻቸውም፤ ምስርና ሽሮ ብቻ ነበር። ጋሽ ኢታና ሻዩን እየጠጡ፣ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ከየት ገዛሽው አሏት። ከመርካቶ አለቻቸው።

እትዬ የሺሃረግ መጀመሪያ ላይ እስር ቤቱ በር ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ኋላ ላይ ጉልበታቸው ሲደክም ስንቁን ከሷ ጋር በተራ ማመላለስ ጀመሩ፤ ለሰላምታ ግን አይቆሙም።

ጋሽ ኢታና የተፈቱት በሦስተኛው ዓመት ነው። ዳኛው በመጨረሻ በነፃ ይሂድ አለ ወይስ ቅጣቱን ጨርሷል አለ፣ ማንም በቅጡ አልነገራቸውም። ወደ መጋዘኑ መመለስ አልተፈቀደላቸውም። አንድ ዘመዳቸው ለምኖ እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ደን ጥበቃ ሥራ አስገባቸው። ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለች የጭቃ ቤት ከባለቤታቸው ጋር መኖር ጀመሩ። ሥራቸው ቅጠልና እንጨት ለቅመው ከተማ ወርደው የሚሸጡ ሴቶችን መያዝ፣ ሸክማቸውን መቀማት ነው።

እንደማይሆንላቸው ሁላችንም ገብቶናል። ሴቶቹ ሲመጡ ፊታቸውን አዙረው በሌላ አቅጣጫ ይሄዱ ነበር አሉ። የጥበቃው ኃላፊ ግን የእያንዳንዱን ዘበኛ ሥራ በወር በያዘው ሸክም ይቆጥራል። የጋሽ ኢታና ከሁሉም ያነሰ ነበር። ተጠርተው ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው።

ሱልጣና እንጦጦ ወጥታ ልትጠይቃቸው የወሰነችው በዚያ ክረምት ማብቂያ ነው። አብረን ሄድን። ዳገቱ አድካሚ ነው፤ ብርዱም ልብስ ሰንጥቆ ይገባል። ቤታቸውን ከማግኘታችን በፊት እሳቸውን አገኘናቸው። መንገዱ ዳር አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ጋሽ ኢታና ከቅጠል ሸክሟ ላይ ገመዱን እየፈቱ ነው። ሴትዮዋ በመድኃኔ ዓለም፣ በልጆችዎ እያለች ትለምናለች። እሳቸው አያዩዋትም። ሸክሙን ከሌሎች የተቀሙ ሸክሞች አጠገብ ጎትተው ከከመሩት በኋላ ቀና ሲሉ እኛን አዩን።

ሱልጣና ቆማ ቀረች። እሳቸው እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉና ሰላም አሉን። ጠጉራቸው ነጭ ሆኗል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው።

«ዘንድሮ ቁጥሬ ጥሩ ነው» አሏት።

ሴትዮዋ ተነስታ ቁልቁል ወረደች። ሱልጣና እንባዋ እየመጣ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ያን ቀን ባልነሳ ኖሮ ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ጋሽ ኢታና መለሱላት።

«አንቺ ዝም ብትዪም ሌላ ነገር ያገኙልኝ ነበር። ይቅርታ መጠየቅ ያለብሽ አንቺ አይደለሽም። መጠየቅ ያለበት ሰው ግን ይህን ዳገት አይወጣም» አሏት። ከዚያ ወደ ተከመረው ቅጠል አመለከቱ። «እኔስ ለዚያች ሴትዮ ይቅርታ ልጠይቃት ነው? ከዚህ ከተባረርኩ የሺን ይዤ የት እገባለሁ?»

ቤት ግቡ አላሉንም። ይዘን የሄድነውን ስኳርና ሳሙና ተቀብለውን አመሰገኑ። ወርደን ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ሱልጣና ያችን ሴትዮ እንፈልጋት አለችኝ። ከየት ትገኛለች? እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች ብዙ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሱልጣና ወደ ጽዳት እንዲመልሷት አመለከተች። ኮከብ ሠራተኛ ወደ መጥረጊያ አይመለስም ተባለች። የጋሽ ኢታና ፓምፕ ራሱ አርጅቶ ማሽኗ የቆመች ጊዜ፣ ለምን ቆመ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ዘነበ ወደ ከፍተኛ ኃላፊነት ተዛውሯል፣ ሰሌዳው ላይም የጻፈ ከሌለ ቆይቷል። ጭነቱ ወደ ወዛደሮቹ ትከሻ ተመለሰ። እሷን ቢሮ ውስጥ ወረቀት እንድታመላልስ አደረጓት።

ጋሽ ኢታና በ1982 ክረምት ደረታቸውን ታመው ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። የመጋዘኑ ዕድር ከሥራ የተሰናበተን ሰው አላውቅም አለ። እንጦጦ ያሉት ጎረቤቶቻቸውም እምነታቸው ሌላ ስለሆነ የት እንደሚቀበሩ ተጨንቀው ነበር። የጸሎት ቤታቸው ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ በጓሮ መንገድ ተሰብስበው አስከሬኑን ወደ ጴንጤዎች መካነ መቃብር ወሰዱ። ከመጋዘኑ የሄድን ጥቂቶች ነን፤ ሁላችንም ታምሜያለሁ ብለን ነው ከሥራ የቀረነው። ገብረ ክርስቶስ አልመጣም። ጡረታ ወጥቶ ጉርድ ሾላ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ በፊቱ ነው አልፈን የሄድነው።

ለቅሶ ቤት ሱልጣና ከእትዬ የሺሃረግ እግር ሥር ተቀመጠች። ሰው ወጣ ወጣ ሲል እትዬ የሺሃረግ ጎንበስ አሉ።

«እውነት ተናገረች ይሉኛል ሰዎች» አሏት። «እሱም ይለኝ ነበር፤ ልጅቷ እውነት ነው የተናገረችው፣ አትቀየሚያት ይለኝ ነበር። አልተቀየምኩሽም። ግን እኔ እውነቱን ምን ላድርገው? ባሌን ነበር የምፈልገው።»

ሱልጣና እጃቸውን ያዘች። እትዬ የሺሃረግም አልነጠቋትም፤ አልጨበጧትምም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ መጋዘኑ ለግል ባለሀብት ተሸጠ፤ ሱልጣናም ሥራዋን ለቅቃ ሲግናል ላይ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፈተች። አላገባችም። እማማ ረሂማን እስከ መጨረሻቸው ጦረች። እትዬ የሺሃረግ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በየሳምንቱ እንጦጦ እየወጣች ልብሳቸውን ታጥባለች፣ ቤታቸውን ትጠርጋለች። ሁለቱ ሲቀመጡ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘይት መወደድ፣ ስለ ጎረቤት ልጆች ያወራሉ። የጋሽ ኢታናን ስም ማናቸውም አያነሱም። ሥራዋን ስትጨርስ እትዬ የሺሃረግ በግድግዳው እየተደገፉ እስከ በሩ ይሸኟታል፤ በሰላም ግቢ ይሏትና ልትሄድ ገና ሳትዞር በሩን ይዘጉታል።